ቤት ጠባቂው ደወልና ጎረቤት



ሌባ በሌሊት ቤት የሰበረ እንደ ሆነ የባለቤቱ ፈንታ መጮኽ፣ የጎረቤቱ ፈንታ ደግሞ ጩኸቱን ሰምቶ መድረስ መሆኑ ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ነው። በወንበርማ ገጠርም ሆነ በሽንዲ ከተማ የሚኖር ሰው «እሪ!» የሚል ድምፅ በሰማ ጊዜ በትሩን ይዞ ይወጣል እንጂ፣ የሚጮኸው ወዳጁ ነው ወይስ ጠበኛው ብሎ አስቀድሞ አይመረምርም። ይህ ሥርዓት ጸንቶ የኖረው ግን በአንድ ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ይኸውም ማንም ሰው ያለ ምክንያት እሪ አይልም የሚለው እምነት ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው በዚህ ሥርዓት መካከል ስለ ገባው አዲስ ጯኺ ነው። ይኸውም በቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው መኖሩን ዐውቆ ድምፁን የሚያሰማው የኤሌክትሪክ ደወል ነው። ብዙ ሰው አላርም እያለ ይጠራዋል። ልጆቻችን ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ እየገዙ ለወላጆቻቸው ያመጡታል፤ ሱቅና መጋዘን ያላቸውም በግድግዳቸው ላይ ይሰቅሉታል። ነገሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሳይጠነቀቁ የተከሉት እንደ ሆነ ምን እንደሚያደርስ በሰፈሬ ከሆነው ልንገራችሁ።

ከእኔ ቤት ሁለት አጥር አልፎ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ይኖራል። በኅዳር ወር በርበሬው ደርቆ፣ በጆንያ ተሞልቶ፣ ከመኖሪያው ጋር በተያያዘው ክፍል በተከመረ ጊዜ ልጁ ይህን ደወል ከከተማ አመጣለትና በአንድ ምሽት ከግድግዳው ላይ ቸነከረው። በመጀመሪያው ሌሊት ከስድስት ሰዓት በኋላ ደወሉ ጮኸ። ሁላችንም ወጣን፤ በጆንያዎቹ መካከል አይጥ የምታድን ድመት አገኘንና ስቀን ተመለስን። በሦስተኛው ሌሊት ዳግመኛ ጮኸ፤ አሁንም ድመቷ ነበረች። ከዚያ በኋላ በጮኸ ጊዜ የወጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሳምንቱ ሲያልቅ ማንም አልወጣም። «ድመቷ ናት» የሚለው ቃል የሰፈሩ ቀልድ ሆነ።

በታኅሣሥ ወር ቤተ ሰቡ በቡሬ ለሚደረግ የዘመድ ተዝካር ሄዶ ሊያድር ተነሣ። የነጋዴው አሮጊት እናት ግን «ቤት ሰው አልባ አይደርም» ብለው ቀሩ። ልጁም ሴት አያቱን የጠበቀ መስሎት፣ ሲወጣ ደወሉን በሙሉ አዘጋጅቶ ሄደ። አሮጊቷ በሌሊት ውኃ ሊጠጡ ሲነሡ ደወሉ በድንገት ጮኸ። ደንግጠው በጨለማ ሲመለሱ ጆንያ አደናቀፋቸውና ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸውም ተሰበረ። ደወሉ ለጥቂት ደቂቃ ከጮኸ በኋላ በአሠራሩ መሠረት ራሱ ዝም አለ።

እኔ በዚያ ሰዓት ነቅቼ ድምፁን ሰምቻለሁ። «ድመቷ ናት» አልሁና ጋቢዬን ወደ ላይ ሳብሁት። ሌሎቹም ጎረቤቶች እንደዚሁ ማድረጋቸውን በማግሥቱ ተነጋገርን። አሮጊቷ እስኪነጋ ድረስ በመሬት ላይ አደሩ። ጠዋት በደጃቸው የምታልፍ ሴት የሲቃ ድምፅ ሰምታ ጠራችንና ወደ ሕክምና አደረስናቸው። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ እጄን ይዘው «ልጄ፣ እሱም ጮኸ፤ እኔም ጮኽሁ። ለሁለታችንም የደረሰ የለም» አሉኝ። ለወቀሳ አልነበረም፤ የሆነውን መናገራቸው ነበር። በትምህርት ቤት የውሸታሙን እረኛ ተረት በየዓመቱ ለልጆች የማስተምር ሰው፣ ተረቱ በደጄ ሲፈጸም አላስተዋልሁም።

ደወሉስ ስለ ምን ዋሸ? ይህን ለማወቅ የመሣሪያውን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል።

መሣሪያው የሚያየው እንደ ዓይናችን በብርሃን አይደለም። ሙቀት ያለው አካል ሁሉ ዓይናችን የማያየውን ጨረር ያወጣል። ይህን ጨረር በ1800 እ.ኤ.አ. ያገኘው በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ዊልያም ኸርሸል ነው። የፀሐይን ብርሃን ባለ ሦስት ማዕዘን በሆነ ብርጭቆ አሳልፎ በየቀለማቱ ላይ ቴርሞሜትር ባኖረ ጊዜ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ፣ ሙቀቱ በልጦ አገኘው። ይህ ጨረር በኋላ ኢንፍራሬድ ተባለ፤ ከቀይ በታች ያለ ማለት ነው።

የሰው ሰውነት ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለ ሆነ፣ በድቅድቅ ጨለማም ውስጥ ይህን ጨረር ያወጣል። በመሣሪያው ውስጥ ጨረሩን የሚቀበሉ ሁለት ጥቃቅን ክፍሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በፊቱ የሚታየው ነጭ ፕላስቲክም ተራ ክዳን አይደለም፤ በላዩ በተቀረጹት መስመሮች አማካይነት ቤቱን እንደ እርሻ በትልም በትልም ይከፋፍለዋል። ሞቃት አካል ከአንዱ ትልም ወደ ሌላው ሲሻገር አንደኛው ክፍል ከሁለተኛው ቀድሞ ይሞቃል፤ ከዚህ ልዩነት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይወለድና ደወሉን ያስጮኸዋል። ሁለቱ በአንድነት ቀስ ብለው የሞቁ እንደ ሆነ ግን አንዱ የሌላውን ስለሚሽር መሣሪያው ዝም ይላል።

እንግዲህ መሣሪያው ሌባን አያውቅም፤ ሰውንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ሞቃት ነገር መንቀሳቀሱን ብቻ ነው። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። የሚያደነዝዝ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ሮጦ ገብቶ በወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ይባል ነበር፤ በዚህም ንጹሓን ሰዎች ተጐድተዋል። ደወሉም ያመለክታል እንጂ አይፈርድም። መመርመርና መፍረድ የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ከተረዳን የአተካከሉን ደንብ ለመያዝ አይቸግርም።

አንደኛ፤ መሣሪያውን ከመሬት ሁለት ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ አድርጎ በቤቱ ማዕዘን መትከል ነው። ሌባው ወደ መሣሪያው ፊት ለፊት የሚመጣ ሳይሆን በፊቱ አቋርጦ የሚያልፍ እንዲሆን ይደረግ፤ ትልሙን የሚያቋርጠውን ፈጥኖ ያውቀዋልና። የብዙዎቹ የማየት ኃይል እስከ 10 ሜትር ያህል ነው። ጨረሩ ግድግዳንና የመስኮት መስተዋትን ስለማያልፍ፣ በቤት ውስጥ ተሰቅሎ ግቢውን ይጠብቃል ብሎ መተማመን ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፤ ፊቱን ወደ ምድጃ፣ ወደ እንጀራ ምጣድ፣ የፀሐይ ብርሃን ወደሚገባበት መስኮት ወይም ነፋስ ወደሚያወዛውዘው መጋረጃ አለማዞር ነው።

ሦስተኛ፤ ድመት በምታድርበት ጎተራና መጋዘን ይህን ዓይነት መሣሪያ አለመስቀል ነው። ለእንደዚህ ያለ ቤት የሚስማማው የበር ማግኔት ነው። አንዱ ቁራጭ በመዝጊያው፣ ሌላው በመቃኑ ላይ ይደረጋል፤ በሩ ተከፍቶ ሁለቱ ሲራራቁ ደወሉ ይጮኻል። አሳቡም አዲስ አይደለም፤ በሩ ወይም መስኮቱ ሲከፈት በኤሌክትሪክ የሚደወል ደወል በአሜሪካ አገር ኦገስተስ ፖፕ በሚባል ሰው ስም የተመዘገበው በ1853 እ.ኤ.አ. ነው። ድመት በጆንያ መካከል ትሮጣለች እንጂ የተዘጋ በር አትከፍትም።

አራተኛ፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ሁለት ዓይነት አዘገጃጀት አለ። አንዱ ቤቱ ባዶ ሲሆን ሁሉን የሚያስጠብቅ ነው። ሁለተኛው ሰው በውስጥ ሲተኛ፣ የውስጡን ዓይን አሳርፎ በሮቹን ብቻ የሚያስጠብቅ ነው። በነጋዴው ቤት አሮጊቷን የጣላቸው ይህን ልዩነት አለማወቅ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ማብራትና ማጥፋት የሚያውቀው የገዛው ልጅ ብቻ መሆን የለበትም፤ የቤት እመቤቷ፣ አዛውንቱ፣ ለነፍስ የደረሱ ልጆችም ሁሉ በእጃቸው እየነኩ ይማሩት። ማጥፊያውም በአሮጊቷ ራስጌ ይደር።

አምስተኛ፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት እንዲሠራ በውስጡ ባትሪ ሊኖረው ይገባል። ባትሪውም እንደ ፋኖስ ጋዝ የሚያልቅ ነገር ነው። በወር አንድ ቀን መርጦ፣ ጎረቤትን አስቀድሞ ነግሮ፣ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ መሞከር ይገባል። የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰበት ገጠር ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ፣ ሰው ሲያልፍ የሚበራ የውጪ መብራት አለ። የሚያየው በዚሁ ዓይነት ዓይን ነው፤ ነገር ግን በመጮኽ ፈንታ ይበራል። በበሬ ጋጥ ደጅ ለተሰቀለ መብራት ይህ ይበቃል፤ ድመት ብታበራውም ማንንም ከእንቅልፉ አትቀሰቅስም።

ስድስተኛ፤ አንዳንዱ መሣሪያ የስልክ ሲም ካርድ ይገባበትና በጮኸ ጊዜ ይደውላል ወይም አጭር መልእክት ይልካል። ሂሳቡ ያለቀ ሲም ወይም የጠፋ ኔትወርክ ግን ዲዳ ያደርገዋልና በእርሱ ብቻ መመካት አይገባም። ደግሞም ብዙ ሰው የመጀመሪያ አድርጎ የሚመዘግበው የአዲስ አበባውን ልጁን ቁጥር ነው። ልጁ በዚያ ሆኖ ከመጨነቅ በቀር ምን ያደርጋል? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የአጥር ተጋሪው፣ ሁለተኛው በአካባቢው ያለው የፖሊስ ጣቢያ ይሁን፤ የልጁ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በኒው ዮርክ ከተማ ትኖር የነበረች ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ነርስ ከባለቤቷ ጋር ሆና በ1966 እ.ኤ.አ. የቤት መጠበቂያ መሣሪያ ለማስመዝገብ አመለከተች፤ የባለቤትነቱንም ማረጋገጫ በ1969 አገኘች። በደጅ የቆመውን ሰው በካሜራ የሚያሳይ፣ ድምፁን የሚያሰማ፣ ርዳታ መጥሪያም ያለው ነበር። ይህን ያሰበችው በሰፈሯ ወንጀል በርክቶ፣ ፖሊስም ሲጠራ እየዘገየ ስላስቸገራት ነው። የእርሷም መሣሪያ ቢሆን መጨረሻው ሰውን መጥራት ነበር። የሚመጣ ሰው ከሌለ ደወል ሁሉ ብረትና ሽቦ ነው።

ስለዚህ ደወል የሚተክል አባወራ መሣሪያውን ከመስቀሉ በፊት ጎረቤቶቹን ጠርቶ ድምፁን ያሰማቸው። በከንቱ የጮኸ እንደ ሆነ ራሱ ወጥቶ ይቅርታ ይጠይቅ፤ በማግሥቱም ምክንያቱን ፈልጎ ያርም። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ የዋሸ ደወል እስኪታረም ድረስ ጠፍቶ ይቆይ። የጎረቤትን እንቅልፍ በከንቱ የሚፈጅ ሰው፣ በቁርጡ ቀን የሚያስፈልገውን ርዳታ አስቀድሞ እየጨረሰ ነው።

የሚሰማውም ሰው ድርሻ አለው። አስቀድሞ ይደውል፤ ብቻውን አይሂድ፤ መብራት ይዞ፣ ከሩቅ ድምፁን እያሰማ ይቅረብ። በተለይ የጦር መሣሪያ በቤቱ ያለው ሰው ደወል ሰማሁ ብሎ በጨለማ አይተኩስ። ደወሉ ያየው ሞቃት አካል የገዛ ልጁ ወይም ሊረዳው የመጣ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ራስን መከላከልን ሲፈቅድ፣ ከአስፈላጊው መጠን አልፎ መሄድን አይፈቅድም።

ነጋዴው ዛሬ የውስጡን ዓይን ከበርበሬው ክፍል አንሥቶ በመተላለፊያው ሰቅሎታል፤ በመጋዘኑ በርም ማግኔት አድርጎበታል። በስልኩ የመጀመሪያው ቁጥር የእኔ ነው። እናቱ ድነው በምርኩዝ ይሄዳሉ።

ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ደወሉ ጮኸ። ተነሥቼ ስወጣ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች በጨለማ መጥተው በአጥሩ በር ተገናኘን። የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ደወሉን ሳታጠፋ የመጋዘኑን በር ከፍታ ኖሯል። አባትየው ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀን። አሮጊቷም በመስኮት ብቅ ብለው ሦስታችንን በየተራ አዩንና «ዛሬስ ደረሳችሁ» አሉን።

እስከሚመጣው ወር በቸር ያቆየን።