ከበሮ መቺው ደራሲ አይደለምን?

እንግሊዛዊው የሮክ ከበሮ መቺ ጂንጀር ቤከር እ.ኤ.አ. በ2019 በ80 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ጋዜጦች ከከበሮው እኩል ቁጣውን አነሡ። ስለ ሕይወቱ ፊልም የሠራውን ጄይ በልጀርን አፍንጫው ላይ በከዘራ መምታቱ እንደገና ተወራ። ድርጊቱ እውነት ነው፤ የሚያስመሰግንም አይደለም። የቁጣውን ምክንያት የሚመዝን ግን እምብዛም አልተገኘም።

ቤከር እ.ኤ.አ. በ1966 ከኤሪክ ክላፕተንና ከጃክ ብሩስ ጋር ክሪም የተባለውን ባንድ መሠረተ። ባንዱ ከሦስት ዓመት ያነሰ ዕድሜ ቢኖረውም ዝናው ዛሬም አለ። ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው «ሰንሻይን ኦቭ ዩር ላቭ» ሲሆን፣ በደራሲነት የተመዘገቡት ብሩስ፣ ክላፕተንና ገጣሚው ፒት ብራውን ናቸው። ቤከር የለበትም። ዘፈኑን የተሸከመውን ከባድና ዝግ ያለ ምት ያመጣሁት እኔ ነኝ እያለ እስከ ዕለተ ሞቱ ተሟገተ። የቀረጻ ባለሙያው ቶም ዳውድ በበኩሉ ሐሳቡ የእኔ ነው ብሏል። ከሁለቱ ማን እንደሚረታ መፍረድ አያስፈልግም። ሐሳቡ የማንም ይሁን የማን፣ አንዳቸውም ከደራሲያን መዝገብ አልገቡም፤ ምት እንደ ድርሰት አልተቆጠረማ!

ምት የጋራ ሀብት ነው፣ ባለቤት ያለው ዜማና ግጥም ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ ከሆነ ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬስ የማን ናቸው? ቅኝት የጋራ ነው፤ በትዝታ ቅኝት አዲስ ዜማ ያወጣ ሰው ግን የዜማ ደራሲ ይባላል። በታወቀ ምት ላይ አዲስ አመታት የፈጠረው በምን ሕግ ስም የለሽ ይሆናል?

ቤከር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰሃራን በመኪና አቋርጦ ሌጎስ ገባ፤ ስቱዲዮም ከፈተ። እዚያ ያገኘው ከራሱ የባሰ በደል ነበር። ፌላ ኩቲ ለሌሎቹ ተጫዋቾች የሚጫወቱትን ራሱ ሲያወጣላቸው፣ የከበሮውን ክፍል የሚፈጥረው ቶኒ አለን ነበር። ያለ አለን አፍሮቢት እንደማይኖር ፌላ ራሱ መስክሯል። ምስክርነት ግን ሮያሊቲ አይሆንም፤ አለን በአሥርት ዓመቱ ማብቂያ ባንዱን ሲለቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ገንዘብ ነበር። (እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የፌላ የቀጥታ ቀረጻ አልበም ሽፋን ላይ በጉልህ የተጻፈው የእንግዳው ከበሮ መቺ የቤከር ስም ነው። ይህን ግን ቤከር እንደ በደል አልቆጠረውም።)

በአገር ቤትም ከዚህ የራቀ ነገር የለም። የካሴት ሽፋን «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ብሎ ሦስት ስም ያከብራል፤ ድራሙን የመታው ቢበዛ ባንዱ ሲመሰገን አብሮ ይነሣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት መስጠቱ መልካም ነው፤ «ተዛማጅ» የሚለው ቃል ግን ከበሮ መቺውን ከደራሲው ቤት ደጃፍ ላይ ያቆመዋል።

መፍትሔው አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። አር.ኢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ባንድ ማን ምን አመጣ ሳይባል ድርሰቶቹን በአራቱ አባላት ስም እኩል ያስመዘግብ ነበር። ከነዚያም አንዱ፣ «ኤቭሪባዲ ኸርትስ»፣ በአብዛኛው የድራመሩ የቢል ቤሪ ሥራ ነው። ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባንዱን ትቶ ወደ እርሻው ሲገባ ስሙ ከዘፈኖቹ ላይ አልወረደም፤ ከዘራ ማንሣትም አላስፈለገውም።