ዕዳ ይጻፋል፤ ኒካህ ለምን አይጻፍም?

(ከደባርቅ)

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ጉድ ሰማሁ ብዬ አይደለም፤ ጉዱን ከሠሩት ሰዎች አንዱ እኔው ነኝና። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዱላው ሲወርድ ብታይ የመጀመሪያው ያረፈው በኔ ጀርባ ላይ መሆኑን አትርሳ።

የዛሬ 12 ዓመት እዚሁ ደባርቅ ታናሽ እህቴን ዳርኩ። አባታችን ቀደም ብሎ ስላለፈ ወሊይዋ እኔ ነበርኩ። የደባርቅ ብርድ አጥንት ድረስ በሚገባበት በታኅሣሥ ወር ቤታችን ውስጥ ሰሌን ተነጠፈ፤ ሼኹ ተቀመጡ፤ ሁለት ምስክሮች ተቀመጡ። መህሩ አንድ ጥንድ የወርቅ ጉትቻና ሦስት ላም ተባለ። ጉትቻው እዚያው ተሰጠ፤ ላሞቹ “በኋላ” ተባሉ። ዱዓ ተደረገ፣ ቡና ተጠጣ፣ አለቀ። እህቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና “ወንድምዓለም፣ በወረቀት ቢሆን ምናለበት?” አለችኝ። ምን ብዬ መለስኩላት? “ነውር ነው! ሙስሊም በቃሉ ነው!” አልኳት።

ይኸውና ቃሉ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ሰውዬው ከደባርቅ መተማ እየተመላለሰ የሚነግድ ነው። ሦስት ልጅ ወለዱ። ቤት ሠሩ፤ ጭቃውን ስታቦካ ያየኋት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር በኩል “ፈትቻታለሁ በላት” ብሎ ላከባት። በቃ! የ11 ዓመት ትዳር እንደ ጆንያ እቃ በመኪና ተላከ። ላሞቹስ? የልጆቹ ቀለብስ? ቤቱስ? ቤቱ በስሙ ነው!

እህቴ በሃይማኖቷ ልዳኝ ብላ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ሰውዬው ቀረበና “እዚህ ለመዳኘት ፈቃደኛ አይደለሁም፤ እኔ በሀገሩ ሕግ ነው የምዳኘው” አለ። ደግ፤ መብቱ ነው። ወደ ሀገሩ ሕግ ስትሄድስ? “የምን ሚስት? ማስረጃዋን ታምጣ!” አለ። ያው ሰው፣ በያው አፉ!

ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ሞቷል። ሌላው ሱዳን ለሥራ ሄዶ በ2015 ዓ.ም. እዚያ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እኔ ልመስክር ብል “ወንድሟ ነው” ተባልኩ። ሼኹ ዘንድ ሄድኩ። እርጅና ተጭኗቸዋል። “ልጄ፣ ያሰርኩት ኒካህ ስንት ነው? የቱን ላስታውስ?” አሉኝ። እሳቸውን አልወቅስም። የሰው ጭንቅላት መዝገብ ቤት አይደለም።

ሕጉማ አለ…

ሕግ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ሕጉ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ከመጀመሪያ ደረጃ እስከ ጠቅላይ በሦስት እርከን አደራጅቷል። ይህ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ስጦታ አይደለም። በጃንሆይ ዘመን በ1936 ዓ.ም. የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች አዋጅ ወጥቶ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊም አደባባይ ሲወጣም ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነበር። አባቶቻችን የተሰለፉለት ነው።

በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንድ ትልቅ ነገር ወሰነ። በአንድ የውርስ ክርክር “በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልተስማማሁም” ያለች ሴት እየተቃወመች ተፈርዶባት፣ ይግባኙም ሰበሩም አልፎ ጉዳዩ ምክር ቤቱ ዘንድ ደረሰ። ምክር ቤቱም ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው። እሰየው! ለዚያች ሴት ፈቃድ መጠየቁ ጋሻ ሆናት። ለእህቴ ባል ግን ያው ፈቃድ መደበቂያ ጥሻ ሆነለት። ልዩነቱ ምንድን ነው? ወረቀት! እህቴ እጅ ላይ አንዲት የተፈረመባት ወረቀት ብትኖር ኖሮ ሰውዬው በየትኛውም ወንበር ፊት ቢቀርብ “የምን ሚስት?” የሚልበት አፍ አይኖረውም ነበር።

የቤተሰብ ሕጉም ቢሆን፣ የፌዴራሉም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የክልላችንም (አዋጅ ቁጥር 79/1995)፣ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ጋብቻ ነው ብሎ ይቀበላል። ወረቀት ባይኖር እንኳ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ በአካባቢው የታወቁ መሆናቸውን በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ይቻላል! ግን ለማን? ለቀጠሮ መመላለሻ ላላት፣ ምስክር አሰልፋ ምሳ ለምታበላ፣ ጠበቃ ለምትይዝ። ከበየዳ ተነስታ፣ ራስ ዳሸን ጥግ ካለ መንደር ልጅ አዝላ ተራራ ለምትሻገር ሴት ግን “ይቻላል” የሚለው ቃል ባዶ ነው።

ለሸሪዓ ተቆርቋሪዎች

አሁን ወደኛው ወገን ልምጣ። “ወረቀት የመንግሥት ነገር ነው፤ ኒካህ በአላህ ፊት ነው” የምትሉ ወንድሞቼ (እኔም እንደናንተው ስል ነበር) እስቲ አንድ ጥያቄ መልሱልኝ። በቁርኣን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የቱ ነው? በአል-በቀራህ ምዕራፍ ያለው የዕዳ አንቀጽ አይደለም እንዴ? ስለምን ነው የሚናገረው? የጊዜ ቀጠሮ ያለው ዕዳ ስትዋዋሉ ይጻፍ፣ ጸሐፊም ይኑር፣ ምስክርም ይኑር፣ ትንሽም ቢሆን ትልቅም ቢሆን ከመጻፍ አትሰልቹ የሚል ትእዛዝ ነው።

መህር ደግሞ ምንድን ነው? “በኋላ” የተባለ መህር በባል አንገት ላይ ያለ ዕዳ መሆኑን የማያውቅ ሼኽ አለ? የለም! እንግዲያው ሃያ ኩንታል ገብስ በዱቤ ስንሸጥ የምንጽፍ ሰዎች፣ በቅሎ ስናከራይ የምንፈራረም ሰዎች፣ የእህታችንን መህር ስንዋዋል ብቻ ወረቀት ነውር የሚሆነው በየትኛው ኪታብ ነው?

እውነቱን እንነጋገር። ወረቀቱ የሚፈራው ሃይማኖት ስለሚነካ አይደለም። ወረቀት ሦስት ነገር ስለሚያወጣ ነው። አንደኛ፣ የልጅቷን ዕድሜ ያወጣል፤ 18 ዓመት ያልሞላትን መዳር ደግሞ ያሳስራል። ሁለተኛ፣ መተማ ላይ ሌላ ሚስት መኖሯን ያወጣል። ሦስተኛ፣ “በኋላ” የተባሉትን ላሞች ቁጥር ያወጣል። እነዚህን ሦስቱን የሚፈራ ሰው “ሸሪዓዬ ተነካ” ብሎ ሲጮህ ብትሰሙት አትደንግጡ። የተነካው ኪሱ ነው!

ሸሪዓማ ለሴቲቱ ያላትን ሰጥቷታል። መህሩ የአባቷም የወንድሟም አይደለም፤ የራሷ ነው። ያለ ፈቃዷ በአባቷ የተዳረች ሴት ነቢዩ ዘንድ ሄዳ አቤት ስትል ኒካሁ እንደፈረሰላት የሐዲስ ኪታቦች ይናገራሉ። የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት ባሏን አልፈልግም ብላ በመህር የተቀበለችውን የአትክልት ስፍራ መልሳ በኹልዕ ነፃ መውጣቷን የማያውቅ ደረሳ የለም። በኒካህ ውል ላይ ሴቷ ሁኔታ ማስገባት እንደምትችል ፉቀሃዎች ጽፈውበታል። ይህን ሁሉ ለሙሽሮቻችን የምንነግራቸው መቼ ነው? በሠርጉ ቀን የምንነግራቸው ስለ ታዛዥነት ብቻ ነው። መብቱን ቀንሶ ግዴታውን ብቻ የሚያነብ ሰው ሸሪዓን አነበበ አይባልም፤ ሸረፈው እንጂ!

ሌላው ሙስሊም ሀገርስ ምን አደረገ? ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣችው የሙስሊም ቤተሰብ ሕግ ኒካህ እንዲመዘገብ አስገድዳለች፤ በቅጹም ላይ መህሩ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንቱ እንደተሰጠና ስንቱ እንደቀረ የሚሞላበት ቦታ አለ። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2004 የቤተሰብ ሕጓን አሻሽላ ፍቺው ዳኛ ፊት እንዲያልፍ አድርጋለች። እነዚህ ሰዎች ከኛ ያነሱ ሙስሊሞች ናቸው?

“ይዘጋ!” ለሚሉትም

አንዳንድ የከተማ ሰዎች ደግሞ አሉ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ በሰሙ ቁጥር “የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚባለው ነገር ይዘጋ!” ይላሉ። ቆዩ እንጂ! በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከሀገሪቱ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነው። ፍርድ ቤቱን ብትዘጉት ኒካሁ ይቀራል? ፍቺው ይቀራል? አይቀርም። መዝገብ ከሚያውቅ ወንበር ተነስቶ መዝገብ ወደማያውቅ ጓዳ ይገባል። እህቴን የበደላት ቃዲ አይደለም፤ ቃዲ ፊት አልቆምም ያለው ባሏ ነው።

መንግሥትም አይቅር

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ (ቁጥር 760) የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው በ2008 መጨረሻ ተጀመረ ተብሎ ከበሮ ተመታ። እህቴ ያን ጊዜ “እንመዝገብ” ብላ ባሏን ለመነችው፤ “ማን ይጠይቀናል?” አላት። ብቻዋን ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ብትሄድ “ባልሽን ይዘሽ ነይ” ተባለች። አይ አሠራር! ኒካህ ባሰሩት ሼኽ እጅ አንድ መዝገብና ማህተም ቢኖር፣ ቅጂውም በሳምንቱ ለመዝጋቢው ቢተላለፍ ኖሮ ይህ ሁሉ መንከራተት ለምን ይመጣ ነበር? ለስብሰባ፣ ለአበልና ለባነር ገንዘብ የማያጣ መንግሥት ለመዝገብ ደብተር ገንዘብ ያጣል?

“ዱሮስ ያለ ወረቀት ይኖር የለም?” የሚለኝ አይጠፋም። ይኖር ነበር፤ መንደሩ ስላለ። መንደሩ ራሱ ወረቀት ነበር። ግጭን አስታውሱ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው ይህች መንደር ነዋሪዎቿ በብዛት ሙስሊሞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣ እየተከፈላቸው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ፓርኩም በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ በ2009 ወጣ፤ ለዋልያውና ለጭላዳው ደስ ብሎናል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሰው ከቀዬው ተነስቶ መሬቱ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ “ሚስቱ ማናት? ድርሻዋስ?” የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጎረቤት ሲበተን ምስክርም ይበተናል። ዛሬ አንዱ መተማ፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ዓረብ ሀገር በሆነበት ዘመን የአባቶቻችንን የቃል ኒካህ እንይዛለን ማለት የፈረሰ ግድግዳ ተደግፎ መቆም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ከስልጣን ሽኩቻው ትንሽ ፋታ ወስዶ አንድ ወጥ የኒካህ ቅጽ ያዘጋጅ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የተሰጠውና የቀረው መህር፣ የሴቷ ሁኔታ፣ ፊርማ። በመዝገቡ ያልጻፈ ሼኽ ኒካህ አያስር። መንግሥት ያንን ቅጽ ተቀብሎ ይመዝግብ። በየትኛው ፍርድ ቤት መዳኘት እንደምትፈልግም ሴቲቱ ራሷ ትጠየቅ፤ ወንድሟ አይመልስላት።

የወንድም መልስ ምን እንደሆነ አይተነዋልና። የእህቴ ጉዳይ ዛሬም ቀጠሮ ላይ ነው። ባለፈው ከችሎት ስንወጣ “አይዞሽ” ብላት ቀና ብላ አየችኝና “ወንድምዓለም፣ ነውሩ ወረቀቱ ነበር ወይስ ይሄ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሴት ልጅ አለችኝ፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የሷ ኒካህ በቀለም ይጻፋል። ነውር ነው የሚለኝ ካለ ይምጣና ቤቴ ያሉትን ሦስቱን የእህቴን ልጆች ዓይን ዓይናቸውን እያየ ይንገረኝ!

ቸር ይግጠመን።