«ለጊዜው» የተያዘ መቀስ

ስደተኛ ከስደተኛ ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነሣው የሥራ ጉዳይ ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ይኸው አለሁ፤ ለጊዜው ነው እንጂ...»። «ለጊዜው» የተባለው ዓሥር ዓመት ሲሞላው ግን ልደቱን የሚያከብርለት የለም። እስቲ ዛሬ ከፖለቲካው ፈቀቅ ብለን ስለዚህችው ቃል ፈረንሳዊውን ሠዓሊ አንሪ ማቲስን እንጠይቅ።

ማቲስም መቀስ ያነሣው ለጊዜው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 አልበርት ባርንስ የተባለ አሜሪካዊ ሥዕል ሰብሳቢ ፊላደልፊያ አጠገብ ለነበረው ጋለሪው ትልቅ የግድግዳ ሥዕል አዘዘው። ማቲስ አሳቡን በለወጠ ቁጥር ሸራውን እንደገና ከመቀባት ይልቅ፣ ቀለም የተቀባ ወረቀት እየቆረጠና በስፒል እየሰካ ያዛውር ጀመር። ያን ጊዜ ጌታው ብሩሹ፣ መቀሱ ሎሌ ነበር።

በ1941 ሊዮን ከተማ ውስጥ በነቀርሳ ምክንያት ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዕድሜው 71 ነበር። ከሞት ቢተርፍም ቆሞ መሥራት እየከበደው ሄደ። ረዳቶቹ ወረቀቱን ጓሽ በተባለው በውሃ የሚበጠበጥ ወፈር ያለ ቀለም ይቀቡለታል፤ እሱ አልጋው ወይም ወንበሩ ላይ ሆኖ ይቆርጣል፤ እነሱ ደግሞ ባመለከታቸው ቦታ ግድግዳው ላይ ይሰኩለታል።

ሆኖም መቀሱ በአንድ ቀን አልተሾመም። በ1947 «ጃዝ» የተባለው፣ 20 የወረቀት ሥራዎቹን የያዘው መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ ማቲስን ቅር አለው። ግድግዳው ላይ ነፍስ የነበረው ቁራጭ በኅትመት ሲጋደም ሞተበት። ቅሬታው ግን ዓይን ከፋች ነበር፤ ቅጂው ካላረካ፣ ዋናው ሥራ ያ በመቀስ የተቆረጠው ወረቀት ራሱ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1954 ድረስ፣ ከሁሉ አብልጦ የያዘው መቀሱን ሆነ። ለንደን የሚገኘው፣ ወርዱም ቁመቱም 3 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው «ቀንድ አውጣ» የ1953 ሥራው ነው።

ዋሺንግተንና አካባቢው ያላችሁ፣ በ1950 የሠራው «የባሕር አውሬዎች» የናሽናል ጋለሪ ንብረት ነው፤ የጋለሪው መግቢያም በነጻ ነው። እንዲህ ያሉትን የማቲስ ሥራዎች ቀርቦ ለሚያይ ሰው ወረቀቱ ላይ የብሩሹ ፈለግ ይታያል። የስፒሉ ቀዳዳም አለ፤ ቁራጩ ቦታውን ከማግኘቱ በፊት ስንት ጊዜ እንደ ተነቀለ ይመሰክራል።

ታክሲ መንዳት ሥነ ጥበብ ነው ብዬ ላሞኛችሁ አልነሣሁም። ብሩሹን ያጣ ሰው ማዘኑ ተገቢ ነው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። «ለጊዜው» እያልን የምናሳድረው ነገር እየበዛ ነው፤ ያላወጣነው መጽሐፍ፣ ያልተዋወቅነው ጎረቤት፣ ከሁሉም በላይ «አገር ስንገባ ይማረዋል» ብለን ለልጃችን ያላስቆጠርነው ፊደል።

ልጁ ግን ለጊዜው አያድግም።