በ3 ሜትር ዲሽ ያየሁት፦ ሪሲቨሮቻችን ፊደል ለምን አያውቁም?

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ከሴንት ፖል ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድቼ፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው አሮጌ የወንፊት ዲሽ በተከራየሁት ተጎታች ጭኜ መጣሁ። ዲሹ የአንድ አዛውንት ገበሬ ነበር። ዋጋውን ስጠይቃቸው «60 ዶላር፤ ነቅለህ የምትወስደው ግን አንተ ነህ» አሉኝ። ከ30 ዓመት በላይ ጓሯቸው ቆሞ ብሎኑ ሁሉ ዝጓል፤ መሀሉ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ቁራሌው በአንድ ጠዋት ይገላግላቸው ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በመስኮት አየችውና «ይሄ ሁሉ ብረት የአገር ቤት ጣቢያ ያመጣል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼም ይህንኑ ጠይቀውኛል፤ መልሱ አያመጣም ነው። ቴሌቪዥን የሚያስተላልፉት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ተሰልፈው ነው የሚገኙት። ሚኒያፖሊስ ደግሞ በ45 ዲግሪ ሰሜንና በ93 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ናት። ሒሳቡን ስትሠሩት ከዚህ የሚታየው የሰልፉ ክፍል ከ171 ዲግሪ ምዕራብ እስከ 16 ዲግሪ ምዕራብ ገደማ ያለው ብቻ ነው። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ከአድማስ በታች ነው። ኢትዮሳት በሚለው ስም ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች የተሰበሰቡበት ኤንኤስኤስ-12 ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ከምድር ወዲያኛው ጎን ነው። ዲሹን 30 ሜትር ብታደርጉትም ያው ነው፤ የመሬት ሆድ መሀል ይገባል። በዚህ አገር የአማርኛ ጣቢያ ስናይ የኖርነው በትንሹ ዲሽ፣ 97 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ከነበረው ጋላክሲ 19 ነው። እሱም ከዚህ ሲታይ ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ፣ 38 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነበር።

ታዲያ ለምን አመጣኸው? ለመጫወት። እውነቱ ይኼው ነው፤ ሌላ ምክንያት ያገኘሁለት ኋላ ነው።

ትልልቆቹ ዲሾች ለምን በርካሽ እንደሚገኙ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤፍሲሲ የተባለው የአሜሪካ የመገናኛ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ለመቀበያ ብቻ የሚውል ዲሽ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ መሆኑን አስቀረ። የገጠሩ ሰው ለኬብል ኩባንያዎች የሚላከውን ሥርጭት ከጓሮው ሆኖ በነጻ ያይ ጀመር። በጃንዋሪ 1986 ኤችቢኦ ሥርጭቱን ቆለፈ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በ1990ዎቹ ትንንሾቹ የክፍያ ዲሾች ሲመጡ ትልቁ የወፍ ማደሪያ ሆነ። የቀረውን ደግሞ ስልክ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በተጀመረው ጨረታ ከ3.7 እስከ 3.98 ጊጋኸርዝ ያለው ሞገድ ከ80 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ለ5ጂ ተሰጠ። ለእኛ ለጓሮ ሰዎች የቀረን ከ4.0 እስከ 4.2 ያለው ጠባብ መንገድ ነው።

አፓርትመንት የምትኖሩ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ዲሽ እንዳትሰቅሉ አከራይ ወይም ማኅበር እንዳይከለክላችሁ የሚጠብቃችሁ የ1996ቱ ደንብ የሚሠራው 1 ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ዲሽ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የከተማውን ሕግ ማየትና ጎረቤትን ማግባባት የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የራሴ ጓሮ ስላለኝ ተገላግያለሁ። ጎረቤቴም ዲሹን የዶሮ ቤት ጣራ መስሎት ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ከጉድጓድ ነው። በዚህ አካባቢ የቤት መሠረት 42 ኢንች፣ ማለትም ከ1 ሜትር በላይ መውረድ አለበት፤ ከዚያ በላይ ያለው አፈር በክረምት በረዶ ሆኖ ያብጥና የተከለበትን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። ቋሚው ከዚያ ከፍ ብሎ ከተተከለ በሚያዝያ ዲሹ ሌላ ሳተላይት ያያል። ቀደም ብዬ 811 ደውዬ የጋዝና የመብራት መስመር የት እንዳለ አስመለከትኩ፤ ከዚያ ዶማና አካፋ። ባለ 3 ኢንች ተኩል የብረት ቱቦ አቁሜ አርማታ ሞላሁበት። ቱቦው ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ብቻ አትመኑ፤ እኔ አምኜ ሦስት ምሽት ከስሬአለሁ። ቱቦው በግማሽ ዲግሪ ዘሞ ነበር። ዲሹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሰልፉን ተከትሎ የሚዞረው በዚያ ቋሚ ላይ ስለሆነ፣ መሀል ላይ ሲግናል ይመጣና ዳር ላይ ሲደርስ ይጠፋል። በመጨረሻ መላ ያገኘሁት በቱምቢ ነው፤ ክርና ድንጋይ፣ ግንበኞቻችን የሚሠሩበት። ኮድ ቢበላሽ ቢያንስ የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል፤ ዲሽ ምንም አይናገርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ዲሹ ራሱ መጣመሙ ነው። ይህም የሚለካው በክር ነው። ከዳር እስከ ዳር ሁለት ክር በመስቀል ትወጥራላችሁ፤ መሀል ላይ ልክ ከተነካኩ ደህና ነው። የእኔው በሦስት ጣት ተራርቀው ነበር። 4 ጊጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 7.5 ሴንቲ ሜትር ነውና ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። የጎን አጥንቶቹን አንድ ባንድ ፈትቼ አቃናሁ። ከዚያ ጥልቀቱን ለካሁ፤ 50 ሴንቲ ሜትር። ስፋቱ በራሱ ተባዝቶ ለጥልቀቱ 16 እጥፍ ሲካፈል ኤልኤንቢው የሚቀመጥበትን ርቀት ይሰጣችኋል፤ ለእኔ 112 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ፓራቦላን ከዩኒቨርሲቲ ፈተና ወዲህ ፈልጌው አላውቅም ነበር።

ኤልኤንቢው ፊት የ5ጂ ማጣሪያ ማድረግ አትርሱ። ያለ እሱ በአቅራቢያ ያለው የስልክ ማማ እየጮኸ የሳተላይቱን ሹክሹክታ ያፍነዋል።

ሲግናሉ የመጣልኝ አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ከሚመጡት ጣቢያዎች ብዙዎቹ የተቆለፉ ናቸው። ያልተቆለፈ ነገር ግን አለ፤ የጣቢያ ስሞች ሠንጠረዥ። ቲኤስዳክ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ከፍቼ ባይት ባይቱን ሳነብ ጊዜው ሄደ፤ የዲቪቢን ሰነድ፣ ኢኤን 300 468ን፣ አውርጄ ከጎኑ ዘረጋሁ። ይህን በትንሽ ዲሽም ማየት ይቻል እንደነበር አውቃለሁ። ግን ለ60 ዶላር ብረት ያን ያህል ላብ ባላፈስ ኖሮ ሰነዱን የማነብበት ምክንያት አልነበረኝም።

ሰነዱ እንዲህ ይላል። የጣቢያ ወይም የፕሮግራም ስም ሲላክ የመጀመሪያው ባይት የትኛው የፊደል ሠንጠረዥ እንደሆነ ይናገራል። ለሲሪልክ፣ ለዐረብኛ፣ ለግሪክ፣ ለዕብራይስጥ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ለኮሪያና ለቻይናም እንዲሁ። ለፊደላችን ለብቻው የተሰጠ የለም፤ ነገር ግን በአስራ ስድስት ቤት ቁጥር 11 ስትጽፉ ባለ ሁለት ባይቱ ዩኒኮድ፣ 15 ስትጽፉ ዩቲኤፍ-8 ይሆናል። ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ «ኢትዮጵያ» ብሎ በሳተላይት መላክ የሚከለክል ነገር የለም። በ15 ከላካችሁ ከመጀመሪያው ባይት ጋር 16 ባይት ይፈጃል፤ በ11 ከላካችሁ 11 ባይት። ቦታ ውድ በሆነበት ለእኛ 11 ይሻላል።

እናቴ ባሕር ዳር ትኖራለች። ፊደል የቆጠረችው እ.ኤ.አ. በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዛሬ ጋዜጣ ታነባለች፣ ዳዊት ትደግማለች። ሪሲቨሯ ፊት ስትቀመጥ ግን ማንበብ አትችልም፤ የጣቢያዎቹ ዝርዝር በሙሉ በላቲን ነው። ስለዚህ ቁጥር ትይዛለች፤ ዜናው 7፣ ቅዳሴው 31። ፍሪኩዌንሲ ተቀይሮ ዝርዝሩ እንደገና ሲጫን ቁጥሮቹ ይዘበራረቃሉ፤ ያን ጊዜ ወይ የጎረቤት ልጅ ትለምናለች ወይ ለዲሽ ሠሪ ትከፍላለች። ያቺን ሣጥን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምኖር ሰው እናቴን መልሶ መሃይም የሚያደርግ ዕቃ ገዝቼላት ስንት ዓመት ልብ አላልኩትም።

«ሰው ሁሉ ወደ ዩቲዩብ ሄዷል፤ አሁን ስለ ሪሲቨር ማን ይጨነቃል?» የሚሉኝ አሉ። ሚኒሶታ ላይ ተቀምጦ ይህን ማለት ይቀላል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት እናቴ ቤት ከውጭ የሚገባው ነገር በዲሹ የሚመጣው ብቻ ነበር። በብዙ ቤት ከላፕቶፕ በፊት የገባው ኮምፒዩተርም ይኼው ሪሲቨር ነው። እኛ የአማርኛ ሶፍትዌር ነን የምንል ሰዎች ግን ስለ ስልክ ኪቦርድ ስንከራከር ይህን ሣጥን ዞር ብለን አላየነውም።

ሌላው የሚቀርበው ምክንያት የሣጥኑ ሜሞሪ አይበቃም የሚል ነው። እስቲ እናስላው። በመጀመሪያው የዩኒኮድ ረድፍ ውስጥ ያሉት ፊደሎችና ምልክቶች 358 ናቸው። እያንዳንዱን 16 በ16 ነጥብ ብትስሉት 32 ባይት ይወስዳል፤ ጠቅላላው 12 ኪሎባይት አይሞላም። ፊደላችን እንደ ዐረብኛ ሲቀጣጠል ቅርጹን አይቀይርም፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራል፣ አለቀ። ዐረብኛን በትክክል የሚያሳይ ሣጥን አማርኛ አቃተኝ ቢል አላምነውም። የጠየቀው ስለሌለ ነው።

ከሁሉም የምፈራው ግን ጣቢያዎቹ ተነሥተው ስማቸውን በአንዴ ወደ ፊደል ቢቀይሩ ነው። አሮጌዎቹ ሣጥኖች ባዶ አራት ማዕዘን ያሳያሉ፤ እናቴም ቁጥሯን ብቻ ሳይሆን የለመደችውን የላቲን ቅርጽም ታጣለች። ለዚህም ሰነዱ መላ አለው። አንድን ጣቢያ በብዙ ቋንቋ የሚጠራ ሌላ መግለጫ አለ፤ የተለመደው ስም በላቲን እንደነበረ ይቆያል፣ ከጎኑ የአማርኛው ከቋንቋ ኮዱ ጋር ይጨመራል። የማያውቀው ሣጥን ይዘለዋል፣ የሚያውቀው ያሳያል። ጣቢያዎቹ ይህን ለመጨመር አዲስ ሕንጻም አዲስ ሳተላይትም አያስፈልጋቸውም። አስመጪዎች ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሣጥን ሲያዝዙ አንዲት መስመር ውላቸው ላይ ይጨምሩ፤ ፋብሪካው ለገዢው አርማ ከሳለ ለፊደሉም ይሥላል። ፊደሉን በነጥብ መሣሉ የእኛ ሥራ ነው፤ ለማንም በነጻ እንዲሆን አድርገን።

እኔ ከ«ሀ» እስከ «ኘ» ደርሻለሁ፤ «ጨ» እና «ጬ» በ16 ነጥብ አልለያይ ብለው ወደፊት እንደሚያስቸግሩኝ ከአሁኑ አይቻቸዋለሁ። በቲኤስዳክም አንድ የሙከራ ፋይል ሠርቼ የጣቢያውን ስም በቁጥር 11 ጻፍኩበት፤ ላፕቶፔ ላይ በቪኤልሲ ስከፍተው በፊደል ወጣ። የሚቀጥለው እናቴ ቤት ካለው ዓይነት ሣጥን አንድ አስመጥቼ በገመድ ልኬበት ምን እንደሚል ማየት ነው። ትናንት ማታ ደግሞ እርጥብ በረዶ ጥሎ ሲግናሉን ወስዶት አድሯል፤ ጠዋት ከሥራ በፊት ዲሹን በመጥረጊያ ጠርጌ ወጣሁ።