የበያጁ ዓይን የማን ዕዳ ነው?

በወልቂጤ ከተማ በጅማው መንገድ ዳር ያሉትን የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ከመካከላችን የማያውቃቸው የለም። በር፣ መስኮት፣ የአጥር ብረትና የጭነት መኪና ስፖንዳ በእነርሱ እጅ ይሠራል፤ ይጠገናል። በዚያ ስናልፍ የብየዳው ብልጭታ እንዳያገኘን ፊታችንን አዙረን እንሸሻለን። እኛ ከምንሸሸው ብርሃን ፊት ግን ገና ጢሙ ያላቀነቀነ ረዳት ነጠላ ጫማ ተጫምቶ፣ ፀሐይ መከላከያ መነጽር አድርጎ ብረቱን ይዞ ተቀምጧል። ይህንን እያየን «ሙያው ነው፤ ለምዶታል» እንላለን።

ዓይን ጨረርን አይለምድም። ከብየዳው የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር አይታይም፤ የዓይንን የፊት ሽፋን ግን ያቃጥላል። ሕመሙም ወዲያው አይሰማም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ ዓይን አሸዋ የተነዛበት ያህል ይቆረቁራል። በቀን ወይም በሁለት ቀን ስለሚሻለው ልጁ ተመልሶ ይገባል፤ ተመልሶም ይቃጠላል። ለኤሌክትሪክ ብየዳ የሚያስፈልገው መስታወት የጥቁረት ቁጥሩ እንደ ሥራው ከ10 እስከ 13 የሚደርስ ነው። የገበያ መነጽር ከዚህ አጠገብ እንኳ አይደርስም፤ ፊትንም አይሸፍንም።

ጢሱም አለ። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ማታ ላይ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። በሊዮን ከተማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2009 ዓ.ም. የብየዳን ጢስ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ነገሮች ተርታ መድቦታል። በጋዝ የሚቆርጠውም ሰው አደጋው የባሰ ነው። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ተን እሳት ሲነካው ይፈነዳል። የኦክሲጅን ሲሊንደር ቫልቭ በዘይት ወይም በግራሶ በተነካ እጅ ከተከፈተ ሊቀጣጠል ይችላል። በጋራዥ ውስጥ ግን ዘይት ያልነካው እጅ ከወዴት ይገኛል?

ይህ ሲነገር ሦስት መልስ ይሰጠናል።

አንደኛው፣ «ወተት ይጠጣሉ» የሚል ነው። ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ጢሱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። ወተት ምግብ ስለሆነ ይጠጣ፤ ነገር ግን ጢሱን የሚያስወግደው በር ከፍቶ ነፋስ ማስገባት፣ ከደጅ መሥራትና ፊትን ከጢሱ ማራቅ ነው።

ሁለተኛው፣ «ሠራተኛው ራሱ ማስክ ማድረግ አይወድም» የሚል ነው። የተሰነጠቀና በኤሌክትሮድ ፍንጣሪ የታወረ ማስክ ሰጥቶ አልወደደም ማለት ፍርድ ነውን? ሥራውን አያሳየውምና ይጥለዋል። መስታወቱን መለወጥ ደግሞ የአሠሪው ፈንታ ነው።

ሦስተኛው፣ «ረዳቱ ውል የለውም፤ ሕጉ አይመለከተውም» የሚል ነው። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የተለየ ፎርም እንዲኖረው አያስገድድም። በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን መግለጫ ለሠራተኛው ሊሰጥ ይገባዋል እንጂ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በአንቀጽ 92 ደግሞ አሠሪው ስለ አደጋው ማስተማር፣ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብ፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ማሳወቅ እንዳለበት ተጽፏል። ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም በሚጎዳው ሥራ ላይ ማሰማራት አይቻልም። እንግዲህ ሕግ አልጠፋም። የጠፋው ሕጉን ይዞ እስከ መንገዱ ዳር የሚወርድ ሰው ነው።

ለምን ጠፋ? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ከድህነት ይልቅ ንቀት ነው። ብረት የሚያቀልጠውን ሰው «ቀጥቃጭ» እያልን ማረሻውን ስንገዛ፣ ማዕዳችንን ስንከለክለው የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መሳደብን በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ እየቀነሰ ሄደ፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ ቀረ። ዛሬ በያጁን አንሰድበውም፤ ዓይኑ ሲጠፋ ግን አንጠይቅም። እኛ የተማርነው ደግሞ ስለ ልማት በየአዳራሹ እየተናገርን የምንተኛበት ተደራራቢ አልጋ በማን ዓይን እንደተበየደ ጠይቀን አናውቅም።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረት የሚከተሉትን እንዲይዝ እጠይቃለሁ።

1ኛ/ ለግቢው አልጋ፣ በርና መስኮት ሲገዛ የሠራተኛው ማስክ፣ ጓንትና ጫማ በውሉ ውስጥ እንዲገባና ሥራው በሚሠራበት ቦታ እንዲታይ ለአስተዳደሩ ይቅረብ። ዋጋው ትንሽ ይጨምር ይሆናል፤ እስከ ዛሬ ልዩነቱን ሲከፍል የኖረው በያጁ ነው።

2ኛ/ የኢንጂነሪንግ መምህራንና ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ወርክሾፑን ለከተማው በያጆች ይክፈቱ። እኛ የጨረሩንና የጋዙን ነገር እናስረዳ፤ እነርሱ ደግሞ በመጽሐፍ ያላገኘነውን የእጅ ጥበብ ያስተምሩን። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ልውውጥ ነው።

3ኛ/ ባለ ሥራ ቤቶቹ በዕቁብ ተባብረው መንገደኛውንና ጎረቤቱን ከብልጭታ የሚጋርድ ሸራ፣ ለረዳቶቹም ማስክ እንዲገዙ እናግባባቸው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ አሠርተዋል። መንገድ ያወጣ ሕዝብ ማስክ መግዛት አያቅተውም።

4ኛ/ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ከትልልቅ ፋብሪካዎች አልፈው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ሠራተኛውን ቤት እንዲያዩ ኅብረቱ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱንም በዚህ ጋዜጣ ያውጣ።

ለዚህ ሁሉ የውጭ ርዳታና ሌላ ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም። ጉዳዩ በሚመጣው ጉባኤ አጀንዳ ላይ ይግባ፤ የሚቃወምም ካለ ተነሥቶ ምክንያቱን ይናገር።