መብራት ይጠፋል፣ ዶሮው ይቀመጣል

የዶሮ ክንፍ በሶያ ሶስ፣ በማር፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ይጣፍጣል፤ አልቃወምም። የምቃወመው ቀስ ብሎ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ጥዶ ወደ ሥራ መሄዱን ነው፤ በተለይ መብራት በሚቆራረጥበት አገራችን።

ድስቱ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ሥጋው ለብ ብሎ ይቆያል፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ደግሞ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ማታ ስትመለሱ መብራቱ መጥቶ፣ ዶሮው በስሎ ታገኙት ይሆናል። ስንት ሰዓት ጠፍቶ እንደነበር ግን ሽታው አይነግራችሁም። «እንደገና ላፍላው» አትበሉ፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ዶሮ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይደፋ።

መካነ ኢየሱስ ለምትኖሩ፣ እኔን ብትጠይቁኝ ከሰል ይሻላል። ዶሮ ወጣችንም እኮ የሚበስለው ቀስ ብሎ ነው፤ ልዩነቱ ሠሪዋ ከድስቱ አትርቅም። ክንፉንም እንደዚያው አብስሉት፤ የሥጋው ውስጥ 74 ዲግሪ ይድረስ። (የደም ግፊት ያለባችሁ ሶያ ሶሱን ቀንሱ፤ ጨው ይበዛበታል።)

ከበላችሁ በኋላ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዛችሁ ቤት ውስጥ አትቆዩ፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።