በሥልጠና ተቋማት ቦርድ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛው ወንበር

ለትርፍ ያልተቋቋሙ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት የሰለጠነ የሰው ኃይል በማፍራት ረገድ የበኩላቸውን ድርሻ ሲያበረክቱ መቆየታቸው ይታወቃል። በነዚህ ተቋማት የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ ኃላፊዎች በሙያቸው ወይም በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ምክንያት ተጋብዘው ሲያገለግሉ ይታያል። ግብዣው በአክብሮት መልክ የሚቀርብ በመሆኑ ወንበሩ ግዴታን ያስከተለ መሆኑ የሚታወሰው ዘግይቶ ነው።

በ2011 ዓ.ም የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በቦርድ ለሚመሩ ድርጅቶች ቦርዱን የበላይ አካል አድርጎ የአባላቱን ቁጥር ከ5 እስከ 13 ወስኗል። በመሆኑም ቦርዱ የሥራ አስኪያጁን ሪፖርት አዳምጦ በማጨብጨብ የሚበተን ጉባኤ ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በበጀት ላይ ነው። ቀደም ሲል የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ ገድቦ ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርግም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚባለውን ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ባልተያያዘው ወጪ ላይ ወስኖታል። ለማሠልጠኛ ተቋም ይህ ትርጉም ከመቶኛው ይልቅ ክብደት አለው። የአሠልጣኝ ደመወዝ፣ ለብየዳ ልምምድ የሚውል ብረትና ኤሌክትሮድ የዋናው ሥራ ወጪ ሲሆኑ፣ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝና የቢሮ ኪራይ በሌላኛው ወገን ይመደባሉ። ሠልጣኞችንም ሥራ አስኪያጁንም የሚያመላልሰው መኪና አንድ ከሆነ ግን ነዳጁ በየትኛው ርዕስ ይመዝገብ? ይህን አስቀድሞ መወሰን የቦርዱ ሥራ ነው፤ ለኦዲተር የሚተው ከሆነ መልሱ በግኝትነት ተጽፎ ይመጣል።

ሪፖርቶቹም ቢሆኑ በአብዛኛው የምሩቃንን ቁጥር የሚዘረዝሩ ናቸው። በአገሪቱ ሥርዓት ግን የሙያ ብቃት ምዘና ከሥልጠናው ተለይቶ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ከተመረቁት ስንቱ ምዘናውን አለፈ፣ ስንቱስ ሥራ አገኘ ብሎ የሚጠይቅ የቦርድ አባል ያስፈልጋል። የትብብር ሥልጠናው ትልቁ ክፍል በድርጅቶች ውስጥ የሚካሄድ ሆኖ ሳለ ከቀጣሪዎች ወገን አንድም አባል የሌለው ቦርድ ለሠልጣኞቹ የልምምድ ቦታ ለማግኘት መቸገሩ አይቀርም።

ይሁንና እጅግ አሳሳቢው የፈቃድ ሰጪው ባልደረባ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ተቋማት ከሚቆጣጠራቸው መሥሪያ ቤት አባል የሚጋብዙት ለዕውቀቱ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ጉዳይ ያፋጥንልናል የሚል ተስፋም አለበት። ሰውየው ምንም ባያደርግ እንኳ፣ ፈቃድ በሚታደስበት ጊዜ ከጎረቤት ተቋም የሚነሳውን ጥርጣሬ ማስቀረት አይችልም። በ2002 ዓ.ም የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668 የጥቅም ግጭትን የሚመለከቱ ድንጋጌዎችን ያካተተው በዚህ ዓይነቱ ምክንያት ነው። ሁኔታውን ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ተቋሙን በሚመለከት ውሳኔ ሲሰጥ ከስብሰባው መውጣትና መውጣቱም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግ ትንሹ ጥንቃቄ ነው። ፈቃዱን በእጁ ለሚፈርም ኃላፊ ግን ይህም በቂ አይሆንም፤ ከሁለቱ ወንበሮች አንዱን መልቀቅ ይኖርበታል።

ወንበሩ ለግለሰቡ ይሁን ለመሥሪያ ቤቱ የተሰጠ መሆኑም በመተዳደሪያ ደንቡ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ባልተጻፈበት ተቋም ኃላፊው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በተዛወረ ማግስት ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል፤ ዓመታዊው በጀትም ሳይጸድቅ የሥልጠናው ዘመን ይጀመራል።